ሰኞ ሰኞ ደረት የሚይዘው ለምንድን ነው?

[ምስል፦ ማለዳ። ከደሴ የተነሳ የሠራተኞች ሰርቪስ ኮምቦልቻ ሲገባ]

ጤና ይስጥልን! ብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ጤና ሲባል ትዝ የሚለው በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት አልብሶ ማስሮጥ ነው። ሩጫውን ማን ይጠላል? ግን በሽታው ያለው ማሽኑ አጠገብ ነው።

የጥጥ ፈተላ ክፍልን እንውሰድ። ኮምቦልቻ ለጨርቃጨርቅ ሥራ እንግዳ አይደለችም።

[ምስል፦ በመስኮት በገባ ፀሐይ ውስጥ የሚታይ የጥጥ ብናኝ]

ሠራተኛዋ እሁድ አርፋ ሰኞ ስትገባ ደረቷን ጭምድድ ያደርጋታል፤ ያስላታል። እስከ ረቡዕ ሻል ይላታል። እሷም «ብርድ ነው» ብላ ዝንጅብል ጠጥታ ታልፈዋለች። ብርድ ላይሆን ይችላል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ አጀማመሩ እንዲህ ነው። ችላ ከተባለ የሰኞው ሕመም የየቀን ይሆናል፤ ሳንባዋም ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል።

አሠሪው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ብናኙን ከማሽኑ ላይ የሚስብ መሣሪያ ይግጠም፤ ያለው ከተደፈነም ያስጠርገው። ማሽንን በኮምፕረሰር አየር እየነፉ ማጽዳት ይቅር፤ የተኛውን ብናኝ ቀስቅሶ ለሳንባ ማቀበል ነው። ማስክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጨርቅ ማስክ አድሎ «የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማሾፍ ነው።

ምርመራም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ተቀጣሪንና አደገኛ ሥራ ላይ ያለን ሠራተኛ የማስመርመሩ ወጪ የአሠሪው ነው። ለፈተላ ክፍል የትንፋሽ ምርመራ ቢደረግ፣ በየዓመቱም ቢደገም ሳንባው ሳይጎዳ ይደረስበታል።

ስለ ጩኸት ባጭሩ፦ አንድ ሜትር ላይ ለቆመ ሰው መጮህ ካስፈለገ ጆሮ መከላከያ ያሻል።

[ምስል፦ የፈረቃ ኃላፊ ከሠራተኛ ጋር ሲነጋገር]

ይህ ሁሉ ቢሟላም፣ «ታምሜያለሁ» ያለ ሰው በክፉ ዓይን ከታየ ዋጋ የለውም። ሰው ሕመሙን ይደብቃል። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፦ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ ካቀረበ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሰው ኃይል ክፍል ያላችሁ፣ ይህቺን በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ሰዓት መፈረሚያው አጠገብ ለጥፏት።