ሲሻላችሁ አትጥፉብን

የተከበራችሁ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

የመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ሕመም የጠናበት ሰው ቀጠሮ አያሳልፍም። የሚጠፋው የተሻለው ነው። ዛሬ የማወራውም ስለዚህ ሰው ነው። ልወቅሰው ግን አልመጣሁም። ደህና ሆኖ ሳለ በየቀኑ ኪኒን መዋጥ የማይሰለቸው ማን አለ?

ቲቢን እንውሰድ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጣዮቹን 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ታካሚው ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀልለታል፣ የሌሊት ላቡ ይተወዋል፣ ምግብ ይከፈትለታል። "በቃ፣ ድኛለሁ" ይላል። መድኃኒቱ መጀመሪያ የሚገድለው ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ባክቴሪያዎች ነው። ጥቂቶቹ ግን ሳይባዙ አድፍጠው ይቆያሉ፤ እነሱን መግደል ጊዜ ይወስዳል። የቀሩት ወራት ለእነዚህ ነው የተያዙት። መሃል ላይ ሲቋረጥ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። ከባሰም መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ለቤተሰብም ይተርፋል።

6 ወር በዛ የምትሉ ትኖራላችሁ። ቀደም ሲል እኮ ሕክምናው አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያም በላይ ይወስድ ነበር። ቅናሽ ተደርጎልናል!

ደም ግፊት ላይ ነገሩ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው፣ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግረን መለኪያው እንጂ ስሜታችን አይደለም። "ግፊቴ ወርዷል፣ ለምን እውጣለሁ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ወንድሜ፣ የወረደው እኮ ስለዋጥክ ነው።

የስኳር ታካሚዎች ደግሞ ቀጠሮ ሲደርስ ለሦስት ቀን ጣፋጭ የምትተዉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። የጠዋቱን ልኬት ታታልሉት ይሆናል። የሦስት ወሩን ምርመራ ግን አትችሉትም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ስኳሩም እዚያው ላይ ተጣብቆ ያለፉትን ሳምንታት ሁሉ ያሳብቃል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የድባቴ መድኃኒት የጀመረ ሰው ነው። ማቅለሽለሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ለውጡ ግን ሳምንታት ያስጠብቃል። ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ ይተወዋል። ይህን ቅደም ተከተል አስቀድመን መንገር የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው። ሁልጊዜ አንነግርም። ወረፋው ረዥም ነው፣ እኛም እንቸኩላለን። ስለዚህ እናንተ ጠይቁን፦ "መቼ ነው ለውጥ የማየው? እስከዚያስ ምን ይሰማኛል?" በሉን።

ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ሽንቱ ብርቱካንማ ሲሆን ደም መስሎት ይደነግጣል። ቀለሙ የመድኃኒቱ ነው፤ አይጎዳም። ዓይን ወይም ቆዳ ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ኑ። አንድ ቀን ከረሳችሁም በማግስቱ ደርባችሁ አትዋጡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ረሳሁ ማለት አያሳፍርም። ከእኛ የሚጠበቀው አለመቆጣት ነው።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ኪኒናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም ወደዚህ ቅረቡ፣ አብረን እናየዋለን።