«ሹፌር» የሚለው ስማችን አይነካ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የክብር እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተጋበዝኩት ከሪፖርቱ በኋላ ሁለት ቃል እንድናገር ነበር። ግን አጀንዳው ላይ «የስም ለውጥ» የሚል አየሁ፤ እሱን ሳልናገር አልወርድም። ከስማችን «ሹፌሮች» ወጥቶ «አሽከርካሪዎች» ይግባ ተብሏል። ለምን ቢባል፣ «ሹፌር» ዝቅ ያደርገናል!

ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። «ሾፌ» ማሞቅ ነው፤ «ሾፈር» እሳት አንዳጅ። አሜዴ ቦሌ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1873 የሠራት መኪና በእንፋሎት የምትሄድ፣ 12 ሰው የምትጭን ነበረች። መሪ የያዘው ከፊት ይቀመጣል፤ እሳቱን የሚያነደው ከኋላ ሆኖ ከሰል ይጨምራል። ተሳፋሪው ዞር ብሎ አያየውም፤ እሱ እጁን ካነሳ ግን ጉዞ የለም። በኋላ እንፋሎቱ ሲቀር ስሙ መሪ ለያዘው ተረፈ።

ስድብ ከፈለጋችሁም አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የሰው እግር በእሳት እየለበለቡ «ብርህን አውጣ» የሚሉ ሽፍቶች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ዝምድና የለንም፤ ተሳፋሪ ታሪፍ ሲጨመር የሚለውን ትተን።

ባለፈው ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። በር ላይ አንዱ ክንዴን ያዘና «ሹፌር ነው እንዳትል፤ በትራንስፖርት ዘርፍ የተሰማራ በል» አለኝ። ገባን፣ ተቀመጥን። የልጅቷ አባት «ዘርፉ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ሳለ፣ አንዱ ጋቢውን አስተካከለ። ቢቸግረኝ «ተሳቢ ነው የሚነዳው፤ ሹፌር ነው» አልኩ። አባትየው ሳቁ፤ «ታዲያ ይቺን ለመናገር ነው እንዲህ ያማጣችሁት?»

ያፈርነው እኛ ነን እንጂ እሳቸው አላፈሩም! ነዳጁን፣ ማዳበሪያውን፣ መድኃኒቱን ከጅቡቲ የሚያመጣው ማን ነው? መንገድ ላይ ስንታገት ዜናው «ሹፌሮች ታገቱ» ነው የሚለው። በዚህ ስም የቀበርናቸው ጓደኞች አሉን። ለመሞት የበቃ ስም ለማኅተም አነሰ?

ፍሬንም፣ ጋራዥም ፈረንሳይኛ ናቸው፤ ይቀየሩ ያለ የለም። «አሽከርካሪ» ደህና አማርኛ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ይቀመጥ።

የመዋጮውን ነገር ሰብሳቢው ያስረዷችኋል። ድምፅ ሲሰጥ የኔ እጅ ለ«ሹፌር» ነው የሚወጣው። አመሰግናለሁ።