ንቧ ሳታበጥረው የቀረው ብናኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። የዛሬው ወጌ የሚነሣው ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለው ግቢዬ ከሠራሁት አንድ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያ ቀፎዬን የሰቀልሁት በሁለት ትልልቅ ጥዶች መካከል ነበር። ጥላ አላቸው፣ ነፋስ ይከልላሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደን ባለበት ማር አይጠፋም ብዬ አምን ነበር። ዕድሜያቸውን በንብ እርባታ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አይተው፣ ሣቃቸውን እንኳ ሳይደብቁ፣ «ልጄ፣ ጥድ ምን አበባ አለውና ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ ደን አይደለም እንዴ?» ብላቸው፣ «ደንስ ደን ነው፤ ግን የነፋስ ደን ነው» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያሉት ነገር ከዕፅዋት ሳይንስ ጋር ልክ ለልክ የሚገጥም መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጥድና ዝግባ አበባ የላቸውም፤ ወንዴው በአንድ ዛፍ፣ ሴቴው በሌላ ዛፍ ላይ ሆኖ፣ ዘር የሚያስይዘውን ዱቄት መሳይ የወንዴውን ብናኝ ለሴቴው የሚያደርሰው ነፋስ ነው። ይህ አሠራር እንደ መናገሻ ሱባ ባለ፣ ጥድ ከጥድ ጎን በሚቆምበት የደጋ ደን ያዋጣል። ወደ ከፋ ጥቅጥቅ ደን ሲወረድ ግን አንድ ዛፍ ከራሱ ወገን ጋር የሚያራርቁት ብዙ የሌላ ወገን ዛፎች በመካከል ቆመውበታል፤ ቅጠሉ ነፋሱን ያግደዋል፣ ዝናቡም ብናኙን ያጥበዋል። በምድር ወገብ ዙሪያ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች ከሚያብቡት የዕፅዋት ዝርያዎች 94 በመቶ ያህሉ ብናኛቸውን በእንስሳት እንደሚያስተላልፉ የሚገመተውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነዚህ እንስሳት መካከል ግንባር ቀደሟ ንብ ናት።

ንብ ለዚህ ሥራ የተመቸችበት አንዱ ጠባይዋ በአንድ ጉዞዋ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓይነት አበባ አለመለየቷ ነው። የብሳና አበባ የጀመረች ንብ በመንገዷ ላይ ሌላ አበባ ቢኖርም ብሳና ብሳናውን ትከተላለች፤ ስለዚህ ብናኙ ለባዕድ ዛፍ ሳይሆን ለወገኑ ይደርሳል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ንብ ጠጉሯ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ በእግሮቿ እያበጠረች፣ ከአፏ በምታወጣው ፈሳሽ እያራሰች፣ በኋላ እግሮቿ ላይ ጠፍጥፋ ለእጮቿ ቀለብ ወደ ቀፎ ትወስደዋለች። ያ ብናኝ ለዛፉ የጠፋ ነው። ዛፉን ፍሬ እንዲይዝ የሚያደርገው እግሯ ደርሶ ሊያበጥረው ያልቻለው፣ ጠጉሯ ውስጥ የቀረው ጥቂት ትራፊ ነው።

ቋንቋችንም እንደ ንቧ ይህን ጉዳይ ልብ ያለው አይመስለኝም። «ቀሰመ» የሚለው ውብ ግሥ አለን፤ ዕውቀትን እንኳ የምንቀስመው ከንብ በተዋስነው ቃል ነው። ነገር ግን ቃሉ የሚናገረው ከአበባው ስለተወሰደው ብቻ ነው፤ ለአበባው ስለተተወለት ነገር የመማሪያ መጻሕፍቱ «ርክበ ብናኝ» ከሚሉት በቀር በየቤቱ የሚነገር ቃል አላውቅም።

በደቡብ ምዕራቡ ደን ገተም የሚባል ዛፍ አለ። ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው መሬት ላይ ሳይሆን ሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ነው፤ ነጣ ያለው ማሩም ስሙን አስጠርቶለታል። ከሥሩ የሚበቅለው ቡና በበኩሉ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ንብ ስትጎበኘው ግን የሚይዘው ፍሬ ይጨምራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በቡና አበባ ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ካፌይን ንቦች የአበባውን ሽታ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያስታውሱ እንደሚረዳቸው አሳይቷል። የተረቱን እረኛና ፍየሎቹን ቀድማ ቡና የቀመሰችው፣ እንግዲህ፣ ንብ ሳትሆን አትቀርም።

ወደ ግቢዬ ልመለስ። ቀፎውን ከጥዶቹ አንሥቼ፣ አዛውንቱ እንዳሉኝ፣ ከአጥሩ ጥግ ወዳለው ብሳና አዛወርሁት። ብሳና ወንዴና ሴቴ አበቦቹን በአንድ ዛፍ ላይ ለየብቻ ያወጣል። ከጀርባው ያለው ኮረብታ ግን ሙሉ በሙሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣውን ዛፍ ንቦቼ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀስሙታል። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀፎ ከቆረጥሁት ማር ምን ያህሉ የብሳናው፣ ምን ያህሉ የባሕር ዛፉ እንደሆነ ቀምሼ መለየት አልችልም፤ አዛውንቱ ግን አንዴ በጣታቸው ነክተው ይለዩታል።

ይህን የምቀዳው በማለዳ ነው። ብርዱ ገና ስላልለቀቀ ንቦቹ ከቀፎው አልወጡም፤ ጸጥታው ለማይክሮፎኔ ተስማምቶታል። አሁን ግን ፀሐይዋ ብሳናውን እየነካችው ነው፤ ከድምፄ ጀርባ ቀጠን ያለ ጉምጉምታ መስማት ከጀመራችሁ እነሱ ናቸው፣ እኔም እዚህ ላይ መቅረጫዬን አጠፋለሁ።