ዘንጉ ብቻውን አያድንም፦ ከዋናው ቤት ወደ ማድ ቤት መብራት ስናስገባ

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ ግቢ። ከዋናው ቤት ጀርባ የቆርቆሮ ማድ ቤት፣ በላዩ የተሳበ ገመድ]

ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ነጥሎ ነው የሚሠራው፤ በዚህ ሙቀት ምጣድ ቤት ውስጥ አይጣድም። መብራቱ ከዋናው ቤት በገመድ ተስቦ ይገባል። ምጣዱ መንዘር ሲጀምር ሁሌ የሚሰማው መፍትሔ «ግራውንድ ቅበሩለት» የሚል ነው። ግራውንድ ማለት ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ ነው፤ ጫፉ ላይ የብረት ዘንግ ይቀበራል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። አላለቀም፤ ለምን እንደሆነ ሒሳቡ ያሳየናል።

[ምስል፦ የምጣዱ የተሸነቆረ ሸክላ፣ ከሥሩ ሽቦውና የብረት ጣባው]

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3500 ዋት ይወስዳል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ የሚቆርጠው) ባለ 20 አምፔር ነው። አሁን ሸክላው ተሰንጥቆ ሽቦው ብረቱን ነካ እንበል። የቀበርነው ዘንግ ቁመቱ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ እንኳ ከመሬት ጋር ያለው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚገታው) 60 ኦም አካባቢ ነው። 220ን ለ60 ስናካፍል 3.7 አምፔር እናገኛለን። ባለ 20 ብሬከር ይህን ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ወዲያው እንዲወርድ እንደ ዓይነቱ ከ100 እስከ 200 አምፔር ይፈልጋል። ያ ሁሉ ጊዜ የምጣዱ ብረት ላይ 200 ቮልት ያህል ተቀምጧል። በባዶ እግሯ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ሊጥ የምታፈስ ሴት እጇ ብረቱን ይነካል።

ይህ እንግዲህ በጥሩ አፈር ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው አሸዋ፣ በበጋ ሲደርቅ፣ ሬዚስታንሱ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ሌላም አደጋ አለ። የማድ ቤቱና የዋናው ቤት ግራውንድ አንድ ላይ ከታሰሩ፣ ምጣዱ ላይ የገባው ፌዝ (የሚነዝረው ገመድ ኤሌክትሪክ) በግራውንድ ሽቦው ዞሮ የሳሎኑን ፍሪጅ በርና የውሃ ማሞቂያውን ብረት ያነዝራል። ማቋረጫ የሌለው ግራውንድ ብልሽቱን በግቢው ያከፋፍለዋል።

[ምስል፦ ሶኬት ውስጥ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ግራውንድ የተሻገረች አጭር ሽቦ፣ በላይዋ ቀይ ምልክት]

ይህችን ሽቦ ካያችሁ ዛሬውኑ አስነሷት። ዘንግ ላለመቅበር ሲባል ኒውትራሉን ከግራውንዱ ቀዳዳ ጋር ማገናኘት ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ሲሞከርም ደህና ይመስላል። ነገር ግን ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው ኒውትራል አንድ ቀን መጋጠሚያው ላይ ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ አምፖሉ ይጠፋል፣ ምጣዱ አይግልም፣ ሰው «መብራት ሄደ» ብሎ ያስባል። በዚያች ሰዓት ፌዙ በአምፖሉና በምጣዱ ሽቦ አልፎ ኒውትራሉ ላይ፣ ከዚያም ብረት ሁሉ ላይ ይመጣል።

[ምስል፦ አርሲዲ፣ የመሞከሪያ ቁልፉ ጎልቶ]

ሕይወት የሚያድነው ዕቃ አርሲዲ ይባላል። በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያወዳድራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ከአንድ ሴኮንድ ሲሦ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። የዘንጉ ሬዚስታንስ 600 ኦም ቢሆን እንኳ 370 ሚሊ አምፔር ያህል ወደ መሬት ስለሚሄድ አርሲዲው ይወርዳል። ሆኖም 600 አትቀበሉ፤ ከ200 በታች ካልሆነ በበጋ ምን እንደሚሆን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

አሁን ወደ ሥራው። ቆጣሪውና ዋናው ቦርድ ላይ የሚነካውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ እናንተ ግን ምን እንደሚገጠም እወቁ።

[ምስል፦ ቦይ፣ ቱቦ፣ ባለ ሦስት ገመድ ኬብል]

እስከ 25 ሜትር ርቀት ድረስ ባለ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ኬብል፣ ሦስት ገመድ ያለው፦ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ ግራውንድ። 2.5 ካሬ ይበቃል የሚል አይጠፋም፤ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት፣ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ፣ 16 አምፔር ለሰዓታት ሲሸከም ግን ሽፋኑ ቶሎ ይደርቃል። በፒቪሲ ቱቦ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቅበሩት፤ አፈሩን መልሳችሁ ስትሞሉ መሃል ላይ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ዘርጉ። ቆርቆሮውን በስቶ ሲገባ የጎማ ቀለበት ይደረግለት፤ የቆርቆሮ ጠርዝ ሽፋኑን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል።

ዋናው ቤት ብሬከሩ ባለ 20፣ ማድ ቤቱ መግቢያ ላይ የሚሸከመው 25 ወይም 40 አምፔር፣ የሚቆርጥበት 30 ሚሊ አምፔር የሆነ አርሲዲ። ፌዝና ኒውትራል ሁለቱም በውስጡ ያልፋሉ፤ ግራውንዱ አያልፍም። ከአርሲዲው በኋላ ያለው ኒውትራል ከምንም ሌላ ኒውትራል ጋር አይገናኝ።

ግራውንዱ የት ይታሰር? ቆጣሪው ዘንድ የቤቱ ግራውንድ ከኒውትራል ጋር የታሰረ ከሆነ፣ ሦስተኛውን ገመድ ማድ ቤት ሲደርስ ጫፉን ሸፍናችሁ ተዉት፤ ማድ ቤቱ የራሱ ዘንግ ይኑረው። ካልታሰረ ሦስተኛውን ገመድ ከማድ ቤቱ ዘንግ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ዋናው ቤትም አርሲዲ ይኑረው። በሁለቱም መንገድ የቆርቆሮው ግድግዳና የብረት የውሃ ቧንቧ ካለ በ6 ካሬ ሽቦ ከማድ ቤቱ ግራውንድ ጋር ይታሰሩ። ቧንቧን ራሱን እንደ ዘንግ መጠቀም ግን አይሆንም፤ ነገ አንዱ ክፍል በፕላስቲክ ሲቀየር ግራውንዱ ይጠፋል።

ዘንጉ መዳብ የለበሰ ብረት፣ ቢቻል 2.4 ሜትር ይሁን፤ በዚያው አፈር 60 የነበረው ወደ 40 ይወርዳል። ካልበቃ ሁለተኛ ጨምሩ፣ ቢያንስ በዘንጉ ቁመት ያህል አራርቃችሁ፤ ተጠጋግተው ከተቀበሩ ሁለተኛው ብዙም አይጠቅም። ጨው መጨመር ለጥቂት ወራት ይረዳል፤ ከዚያ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ጨው ብረቱንም ይበላዋል።

[ምስል፦ ማሰሪያ ክላምፕ፣ የፍተሻ ጉድጓድ፣ የግራውንድ መለኪያ መሣሪያ]

ክላምፑ የሚታይበት ትንሽ ጉድጓድ ተዉ፤ የሚላላው እሱ ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ ሽቦውን ከዘንጉ ፈትታችሁ በግራውንድ መለኪያ ለኩ፣ ከዚያ መልሳችሁ እሰሩ። የሚለካው በጥር ይሁን፤ በነሐሴ እርጥብ አፈር ላይ የተገኘ ቁጥር ያታልላል። የአርሲዲው ቁልፍ ሲጫን መውረዱ የዘንጉን ደኅንነት አያሳይም፤ ያ ሙከራ ዘንጉን ጨርሶ አይነካውም። አርሲዲው ራሱ እንዳልተበላሸ ግን ያሳያል፣ ስለዚህ በየወሩ ይጫን።

የምጣዱ ገመድ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ነው። ባለ ሦስት ቀይሩለትና ሦስተኛውን የብረት ጣባው ላይ በቦሎን እሰሩ፣ ቀለሙን ፍቃችሁ። 16 አምፔር ስፒናውን ጫፍ ስለሚያደርሰው፣ በስፒና ከሚሰካ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ በሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል ማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ቢገባ ይሻላል።

ምጣዱ ሲለኮስ አርሲዲው የሚወርድ ከሆነ «ያስቸግራል» ብሎ የሚያነሳው ባለሙያ አለ። እንዳታስነሱ። ምጣዱን ንቀሉና (በቀጥታ ከገባ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፉና) ሌላ ዕቃ ሰክታችሁ ሞክሩ። ያለ ምጣድ ካልወረደ ጥፋቱ ምጣዱ ነው፦ በስንጥቁ ሊጥ ገብቷል ወይም ሸክላው እርጥበት ይዟል። ፀሐይ ላይ ሙሉ ቀን አድርቃችሁ እንደገና ሞክሩት፤ አሁንም ካወረደ ሸክላው ይቀየር።