ጎጆው የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ዛሬ ስለ ወፍ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ! ከኤዶም ገነት የመጡ ሦስት ወፎች ቅዱስ ያሬድን በሰው አንደበት እንዳነጋገሩት ስንክሳር ሲነበብ እየሰማን ነው ያደግነው። ወፍ ለእኛ አዲስ መምህር አይደለም።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ዝናብ ሲገባ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ክብ ጎጆ የሚያንጠለጥሉትን ቢጫ ወፎች አይታችኋል አይደል? የሚሠራው ወንዱ ነው። እርጥብ ሣር ወይም የዘንባባ ቅጠል በመንቆሩ ሰንጥቆ ያመጣና መጀመሪያ አንድ ቀለበት ይሠራል፣ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ይጎነጉናል። ለምን እርጥብ? ደረቁ ይሰበራላ። መግቢያውን ወደ ታች ያደርገዋል። ሲጨርስ በሩ ላይ ተዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጣራል። ትመጣለች፣ ገብታ ታያለች። ካልጣማት ውልቅ ነው። ሣሩ እየደረቀ ቡኒ ሲሆን ደግሞ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ታዲያ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ያን ሁሉ የለፋበትን በራሱ መንቆር አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። የወጣቶቹ የመጀመሪያ ጎጆማ ዝርክርክ ያለ ነው፤ እየሠሩ ነው የሚለምዱት።

“የሰማይ ወፎች አይዘሩም አያጭዱምም” የሚለውን ቃል ለስንፍናችን መሸፈኛ የምናደርግ አለን። እስቲ ይህን ወፍ አንድ ጠዋት እዩትና ከዚያ ጥቀሱት። የሚመግበው እግዚአብሔር ነው፣ ግን ሣሩን እቤቱ ድረስ አላመጣለትም።

እርግብ ደግሞ ሌላ ናት። ለኖኅ የወይራ ቅጠል ያመጣች፣ መንፈስ ቅዱስ በዮርዳኖስ በአምሳሏ የወረደ፣ ይህች የተከበረች ወፍ፣ ጎጆዋን ብታዩት ግን ያሳፍራል! ጥቂት ጭራሮ ጣል ጣል፣ አለቀ። አንዳንዱ ከሥር ቆመው ሲያዩት እንቁላሉ በክፍተቱ ይታያል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግን እናትም አባትም ጉሮሯቸው ውስጥ ወተት የመሰለ ምግብ አዘጋጅተው ያጎርሷቸዋል። አባትየውም ጭምር፣ ልብ በሉ።

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። አብዛኞቹ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት ለራሳቸው መኖሪያ አይደለም፣ ልጅ ለማሳደጊያ ነው፤ ልጆቹ ሲበሩ ትተውት ይሄዳሉ። እኛስ? “ቤት ልሥራና” እያልን ትዳሩን እናዘገያለን፣ በማኅበር ቦታ እንጠብቃለን፣ ብሎኬትና ብረት ስንቆጥር ይመሽብናል፣ የተሠራለት ልጅ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ በስልክ ያድጋል። ቤት አትሥሩ ማለቴ አይደለም፤ የኪራይን ነገር እኔም አውቀዋለሁ። ግን ለማን እንደምንሠራው ረስተነዋል። መዝሙረኛው ዋኖስ ጫጩቶቿን የምታኖርበትን አገኘች ሲል ስለ ጣሪያው ጥራት ምንም አላለም፤ ያስቀናው ለመሠዊያው መቅረቧ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ፣ በመንገድህ የወፍ ጎጆ ብታገኝ እናቲቱን ከነልጆቿ አትውሰድ፣ እናቲቱን ልቀቃት ይላል። ለዚህ የተሰጠው ተስፋ ምንድን ነው? መልካም እንዲሆንልህ፣ ዕድሜህም እንዲረዝም። አባትና እናቱን ላከበረ የተገባው ተስፋ እኮ ነው! ለአንዲት ወፍ! ይህን ሳነብ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ ይህን አንብቡለት።

ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የደነገጠች እናት ጎጆዋን ትታ ልትሄድ ትችላለች። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ቅርንጫፍ እንዳትጎትቱ። የሰበካ ጉባኤ አባቶችም፣ የግቢውን ዛፍ ማስመልመል ካለባችሁ እባካችሁ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ታገሡን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።