«እስከ መቼ ልውሰደው?» ብላችሁ ጠይቁ

በኮምቦልቻ ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳታርፉ የመጣችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በመድኃኒት ቤት የምንሠራ ሰዎች «ጨጓራዬ» የሚለውን ቃል ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። ቃር የሚያቃጥለውም፣ በባዶ ሆዱ የሚያመውም፣ በልቶ የሚነፋውም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን ይፈልጋል። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ቁስል ያድናል። የሚያሳዝነኝ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በማይጠቅመው መንገድ መውሰዱ፣ ከዚያም «አልሠራልኝም» ብሎ በገዛ እጁ መጠኑን መጨመሩ ነው።

በጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። በብዛት ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲመጣ ነው፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ የሚዘጋው ሥራ ላይ ያሉትን ነው። ስለዚህ ምግቡ ሲደርስ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማችሁ ውሰዱ የምንለው ለዚህ ነው። ቀን ለሚተኛ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ጠዋቱ ከእንቅልፍ የሚነሣበት ሰዓት ነው፤ ሲነሣ ከሚበላው ምግብ በፊት ይውሰደው። ረመዳንን የምትጾሙ ከሱሁር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ደግሞ ከምትበሉበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። መጾማችሁን ግን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሐኪም ሳይነገረው አያውቅም።

እንክብሉን ከፍታችሁ አትፍጩት፣ አታኝኩት። በውስጡ ያሉት ፍሬዎች የተሸፈኑት አሲዱ ራሱ መድኃኒቱን ስለሚያበላሸው ነው። መዋጥ ለሚያቅተው ሰው ሌላ መንገድ አለና ፋርማሲስቱን ያማክር። ሙሉ ኃይሉም የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ አትቁረጡ።

አሁን ለእናንተ ለማሽን ሠራተኞች በተለይ የምነግራችሁ አለ። ወገባችሁን ሲያማችሁ የምትውጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ። ጠዋት ዳይክሎፌናክ፣ ማታ ኦሜፕራዞል እየዋጠ ዓመት የሚያሳልፍ ሰው አለ። ለጨጓራ ስትታከሙ ሌላ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። ለልብ ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ግን በራሱ አያቋርጥ፤ እሱ ከሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነው።

ሌላው የጨጓራ ቁስል ምክንያት ባክቴሪያ ነው፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። ይህን ያገኙት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ሕክምናው ኦሜፕራዞልን ከአንቲባዮቲኮች ጋር አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን መውሰድ ነው። ሕመሙ ግን በጥቂት ቀናት ጋብ ይላል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። «ተሻለኝ» ብሎ የሚያቋርጥ አለ፤ የተረፈውን በቡና ሰዓት ለጎረቤት የሚያካፍል አለ። መተሳሰባችን የሚያኮራ ነው፤ ይህ ግን ሁለቱንም ይጎዳል፤ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ደግሞም ለዚህ ባክቴሪያ የሰገራ ምርመራ ስትታዘዙ ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ከሆነ ተናገሩ፤ ያለውን ባክቴሪያ «የለም» ሊያሰኝ ይችላልና።

የጨጓራን አሲድ የሚያበርደውን ፈሳሽ፣ አንታሲድን፣ የምትጠቀሙ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር በአንድ ጊዜ አትውሰዱት። ሲፕሮፍሎክሳሲኑ 2 ሰዓት ይቅደም፣ ወይም አንታሲዱን ከወሰዳችሁ 6 ሰዓት ይለፍ።

ከሁሉ በላይ ግን ማዘዣውን ስትቀበሉ «እስከ መቼ ልውሰደው?» በሉ። ለቃር ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው። ያለ ክትትል ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዚየም እጥረት ሊያመጣ ይችላል፤ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ፣ እሱም ቢ12ን ይቀንሳልና። ለረጅም ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አሉ፤ እነሱ አይደንግጡ። ለወራት ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው ቃሩ ለጊዜው ሊብስበት ስለሚችል እንዴት እንደሚያቆም አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ሰገራ ጠቁሮ ካጣበቀ፣ ትውከቱ ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። መዋጥ ካስቸገረ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ቶሎ ተመርመሩ። ደረትን ጨምቆ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብ የሚያመጣ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል በኦሜፕራዞል አትጠብቁት።

መድኃኒቶቻችሁን በፌስታል ይዛችሁ የመጣችሁ፣ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን። ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ይቅደሙ። አመሰግናለሁ።