ውሃው በምዕራብ፣ ነፋሱ በምሥራቅ፦ የማኅበሩ ሰብሳቢ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ የሙያ አጋሮቻችን፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከአሶሳ፣ ከጅግጅጋ፣ ከጂንካና ከመቀሌ ረጅም መንገድ አቆራርጣችሁ የመጣችሁ አላችሁ። በተለይ እናንተን አመሰግናለሁ። የዘንድሮው ርዕሳችን የታዳሽ ኃይል የክልል ልዩነት ነው። ያለ እናንተ ደግሞ ይህን ርዕስ መንካት አይቻልም። የት ምን አለ? የት ምን ይመነጫል? መብራቱስ ማን ቤት ይደርሳል?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። 5,150 ሜጋዋት! መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ከደመወዛችን ቆርጠን ቦንድ የገዛን ብዙዎች በዚህ አዳራሽ አለን። ደስታው የሁላችንም ነው። ባለሙያ ስለሆንን ግን ከደስታው ቀጥለን ካርታውን ማየት ይጠበቅብናል።

እስቲ አብረን እንደምር። ሕዳሴ 5,150። ከጣና ሐይቅ ውሃ የሚስበው በለስ 460። በኦሞ ተፋሰስ ደግሞ ጊቤ አንድ 184፣ ጊቤ ሁለት 420፣ ጊቤ ሦስት 1,870። ድምሩ ከ8,000 ሜጋዋት ያልፋል። ይህ ሁሉ የተቀመጠው በሁለት ወንዞች ላይ ነው፤ በዓባይና በኦሞ። በኦሞ ላይ የሚሠራው የኮይሻ ግድብ ሲጨመር ደግሞ የኦሞ ሸክም የበለጠ ይከብዳል።

አሁን ወደ ሌላው ዞር እንበል። ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ጣቢያዎች አንድ ላይ 204፣ አሸጎዳ 120፣ አይሻ 120፣ አሰላ 100። ሁሉም በሙሉ አቅማቸው ቢሽከረከሩ እንኳ ወደ 540 ሜጋዋት ቢሆን ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይ ያለው፣ ከመሬት ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት የሚሠራው ጣቢያ 7 ሜጋዋት ገደማ ነው። በስምጥ ሸለቆ ላይ ለተኛች አገር ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ፀሐይማ ከዋናው መስመር ጋር የተገናኘ ትልቅ ጣቢያ ገና አልተሠራላትም።

ይህ ልዩነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ዝናቡ የሚበዛው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ደጋ ነው፤ ወንዞቹም ከዚያ ተነስተው በጥልቅ ሸለቆ ይወርዳሉ። ነፋሱ የሚበረታው በስምጥ ሸለቆው ዳርና በምሥራቅ ሜዳ ላይ ነው። እንፋሎቱ ያለው ከአፋር እስከ ሐዋሳ አካባቢ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ፀሐይዋ በየቦታው አለች። ክረምት ሌት ከቀን ደመና በሚለብሰው ኢሉባቦርና ዝናብ ብርቅ በሆነበት ኦጋዴን ግን ያው አይደለችም።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ስናወራ «ስንት ሜጋዋት?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃንም። «የት?» እና «በየትኛው ወር?» የሚሉትን አብረን መጠየቅ አለብን።

«በየትኛው ወር» የሚለውን ላብራራ። ግድብ ማለት ጎተራ ነው። ክረምት ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ ይበላለታል። ክረምቱ ከቀረ ወይም ከዘገየ ግንቦት ላይ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ግንቦት 2011ን ታስታውሱታላችሁ። የጊቤ ሦስት ውሃ ወረደና አገሪቱ ፈረቃ ውስጥ ገባች። ለጅቡቲና ለሱዳን የሚላከውም ተቋረጠ። ዳቦ ቤቶች ሊጡን አቡክተው መብራት ይጠብቁ ነበር። ወፍጮ ቤት ደጃፍ እናቶች እህላቸውን አስቀምጠው ይውሉ ነበር። በአንድ ወንዝ ውሃ መቀነስ ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ፈታ።

አሁን ወደ አዳማ ኑ። እዚያ ነፋሱ ጠንከር የሚለው በበጋ ነው፤ ክረምት ላይ ይዳከማል። ከውሃው ጋር ተቃራኒ መሆኑ ነው። በጥር ወር አዳማ ላይ ተርባይኑ በሽከረከረ ቁጥር ጊቤ ላይ ያን ያህል ውሃ ሳይለቀቅ ይቆያል፤ ያ ውሃ ለግንቦት ይተርፋል። ስለዚህ የነፋስ ጣቢያን በራሱ ሜጋዋት ብቻ መመዘን ስህተት ነው። ያቆየልንንም ውሃ መቁጠር አለብን። ይህን ስሌት በየግድቡና በየወሩ የሚሠሩ ወጣት ኢንጂነሮች በመካከላችን እንዲበዙ ከልቤ እመኛለሁ።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር ልበል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር ዲቼቶ፣ በሶማሌ ደግሞ ጋድ ላይ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሚያመነጩ የፀሐይ ጣቢያዎች ለመገንባት የወጣው ጨረታ አሸናፊ አገኘ። የቀረበው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። ያኔ በአህጉራችን ከታዩት እጅግ ርካሽ ዋጋዎች አንዱ ነው። ግን ወደ ግንባታ አልገቡም። ባለሀብቱ ገንዘቡን የሚፈልገው በዶላር ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው። ይህ ማነቆ ፀሐይዋን አይመለከታትም፤ ከሰማይ በታች ያለ የኛው ሥራ ነው። እስካልተፈታ ድረስ ምሥራቁ ከሕዝቡ ደጃፍ ያለውን ኃይል እያየ ይቆያል። ከመስመር የራቁት የሶማሌ ከተሞች በናፍጣ ጀነሬተር ነው የሚያመሹት። ናፍጣው ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ይጫናል። በዓመት ውስጥ ፀሐይ የማይታይበት ቀን ጥቂት በሆነበት አገር ይህ ያሳዝናል።

ስለ ሥርጭቱ ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ ኦሞራቴ ናት። ኦሞራቴ በዳሰነች ወረዳ፣ ኬንያ ድንበር አጠገብ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያው ወንዝ ወደ ላይ ሲወጣ ጊቤ ሦስት አለ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ደቡቡን አቋርጦ ያልፋል። ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል እየተሸጠበት ነው። ኦሞራቴ ግን መብራት ያገኘችው ከፀሐይ ነው፤ ፓነልና ባትሪ ተተክሎላት፣ ለብቻዋ በቆመች ሚኒ ግሪድ።

እንግዶቻችን «ምሰሶው በደቡቡ እያለፈ ለምን አይቀጠልላቸውም?» ትሉ ይሆናል። ያ መስመር የሚሠራው በዲሲ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። ኃይሉ የሚቀየረው ሁለቱ ጫፍ ላይ፣ ሶዶና ሱስዋ ባሉት ጣቢያዎች ነው። መሐል ላይ እንደ ተራ መስመር ትራንስፎርመር ተክሎ መንደር ማብራት አይቻልም። ለመሸጥ ጥሩ መስመር ነው፤ የውጭ ምንዛሪም ያመጣል። ከሥሩ ላለው ገበሬና አርብቶ አደር ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ኦሞራቴ ያገኘችው መንገድ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቀበሌዎች መድረስ አለበት። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም በ2011 ዓ.ም. ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ ኃይል ለመድረስ ያቀደው ለዚህ ነው።

ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ደመናው ይበዛል፤ ጅረቱ ግን በጋም አይደርቅም። በኢሉባቦር ሶር ወንዝ ላይ ያለችውን የ5 ሜጋዋት ጣቢያ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በባሌ ደሎ መና ያለችው ያዶትማ ግማሽ ሜጋዋት እንኳ አትሞላም። እነዚህን የሚያክሉ ጣቢያዎች ስም አያስጠሩም፤ ሪባንም ብዙ አይቆረጥላቸውም። ለከፋና ለኢሉባቦር ቀበሌዎች ግን ከሶላር ይልቅ ትንሽ የውሃ ጣቢያ ሊሻል ይችላል። አንድ ዓይነት ፓኬጅ ለሁሉም ክልል ማከፋፈል ልማዳችን ሆኗል። መተው አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለዘንድሮ ከእናንተ የምጠይቀው አለ። እያንዳንዱ የክልል ቅርንጫፋችን የራሱን ሥዕል ያዘጋጅ። የናንተ ወንዝ የሚቀንሰው በየትኛው ወር ነው? ነፋስ የተለካበት ቦታ አለ? መብራት ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥቶ ገጠር ሳይደርስ የሚቀረው የት ጋ ነው? በሽቦ እጥረት ነው? በትራንስፎርመር? ወይስ ቆጣሪ ጠፍቶ? ናፍጣ የሚያቃጥሉት ጤና ጣቢያዎች የትኞቹ ናቸው? ረጅም ሪፖርት አይጠበቅባችሁም፤ ያያችሁትን ጻፉ። እነዚህን ሰብስበን ማኅበሩ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ያቀርባል። ይህን ለመከታተል እኔ ራሴ ኃላፊነት ወስጃለሁ።

ከምሳ በፊት ከሶማሌና ከአፋር የመጡት አባሎቻችን ስለ ነፋስና ፀሐይ ያቀርባሉ። ከሰዓት በኋላ ስለ ኦሞና ዓባይ ተፋሰሶች እንወያያለን። ለጥያቄ የተመደበው ሰዓት በንግግር እንዳይበላ መድረክ መሪዎችን አደራ እላለሁ። በተለይ ከሩቅ የመጡት በደንብ ይናገሩ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ። ከጅግጅጋ የመጣችው እህታችን የመጀመሪያዋ አቅራቢ ናት፤ እባክሽ ወደ መድረኩ።